«ኦተም ሊቭስ»ን ለብቻ ጊታር ማቀናበር፦ ዜማው ከላይ፣ ቤዙ ከታች፣ የቀረው በልክ

ባንድ ውስጥ የሚጫወት ጊታሪስት ሸክሙ ቀላል ነው። ታችኛውን ድምፅ ቤዝ ጊታሩ ይዞለታል፣ ዜማውን ድምፃዊው ወይም ሳክስፎኑ ይወስዳል፣ እሱ መሐሉን በኮርድ (አብረው በሚሰሙ ድምፆች) ይሞላል። ብቻውን ሲቀመጥ ግን ሦስቱም ሥራ በስድስት ክርና በአራት የግራ እጅ ጣቶች ላይ ይወድቃል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የለመደውን ሙሉ ኮርድ ይይዝና ዜማውን የሚያስገባበት ክፍተት ይፈልጋል። ክፍተት አያገኝም፤ ጣቶቹ አልቀዋል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ ዜማው የላይኞቹ ክሮች ላይ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ቤዝ ይገባል፣ መሐሉ ባዶ ሆኖ ከተሰማ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ይጨመራል።

ለዚህ ሥራ «ኦተም ሊቭስ»ን የመረጥነው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ዜማው የሃንጋሪ ተወላጁ የጆሴፍ ኮስማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 የተሠራ ሲሆን የፈረንሳይኛ ግጥሙን ዣክ ፕሬቬር፣ የእንግሊዝኛውን ደግሞ ጆኒ መርሰር ጻፉት። የጃዝ ተማሪ ሁሉ ከሚጀምርባቸው ዘፈኖች አንዱ ነው። ለጊታር የሚመችበት ምክንያት ከታች በደንብ ይታያል፤ ባጭሩ ግን ዜማው ራሱ የኮርዱን ዋና ዋና ድምፆች ይዞ ስለሚሄድ ከሥሩ ብዙ መጨመር አያስፈልገውም።

የሚያስፈልጋችሁ

ማንኛውም ጊታር ይሆናል፤ ናይሎን፣ ብረት ወይም ኤሌክትሪክ። በኢ ማይነር የተጻፈ ሊድ ሺት (ዜማውና የኮርዶቹ ስም ብቻ ያለበት ወረቀት)፣ እርሳስ፣ ሜትሮኖም እና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አዘጋጁ። ፒኩን (ክር መምቻዋን ቁራጭ) ወደ ጎን አድርጉት። በፒክ 6ኛውንና 1ኛውን ክር በአንድ ቅጽበት መምታት አይቻልም፤ በመሐል ያሉትን መቧጠጥ የግድ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ቦታዎችን የምንጽፈው በአጭሩ ነው። 4ኛ/5 ማለት 4ኛ ክር፣ 5ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ 5ኛው የጣት ቦታ) ነው። 5ኛ/0 ማለት 5ኛ ክር ክፍት። 1ኛ ክር ቀጭኑ፣ 6ኛው ወፍራሙ ነው።

1. ኪዩን መወሰን

ዘፈኑን በሁለት ኪይ (ዘፈኑ እንደ ቤቱ የሚመለስበት ድምፅ) ታገኙታላችሁ፤ በጂ ማይነር እና በኢ ማይነር። ሳክስፎኒስቱ ካነንቦል አደርሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ከትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የቀዳው ዝነኛ ቅጂ በጂ ማይነር ነው፤ ለሳክስፎንና ለትራምፔት ይመቻል። ለብቻ ጊታር ግን ኢ ማይነርን ያዙ። የጊታር ሦስቱ ወፍራም ክሮች ክፍት ሲሆኑ ኢ፣ ኤ እና ዲ ናቸው። እነዚህ ደግሞ የኢ ማይነር፣ የኤ ማይነር ሰቨን እና የዲ ሰቨን ሥሮች (ኮርዶቹ ስማቸውን ያገኙባቸው ድምፆች) ናቸው። ቤዙን በክፍት ክር ስታገኙ አንድ ጣት ተረፈላችሁ ማለት ነው፤ እጃችሁ ቦታ ሲቀይርም ቤዙ ሳይቋረጥ ይጮኻል። በጂ ማይነር ከተጫወታችሁ ግን ቤታችሁ የሆነው ጂ ከሦስቱ ወፍራም ክሮች በአንዱም ላይ ክፍት ሆኖ አይገኝም።

ሌላ ዘፈን ስታቀናብሩም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ዘፈኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፍባቸው ኮርዶች ሥራቸው ክፍት ክር ላይ ይገኛል ወይ? ካልተገኘ ኪዩን ቀይሩ። ብቻችሁን ስለምትጫወቱ የሚቆጣችሁ ዘፋኝ የለም።

2. ዜማውን ወደ ላይ ማንሳት

ጊታር ከተጻፈው ኖታ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ኖታ ያለው ርቀት) ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ሊድ ሺቱን እንደተጻፈ ካነበባችሁት የመጀመሪያው ኢ 4ኛ/2 ላይ ይወድቃል። እዚያ ዜማውን ካስቀመጣችሁ ከሥሩ የቀሩት ሁለት ወፍራም ክሮች ብቻ ናቸው፤ ኮርድ ቢጨመር ይጨቀያል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ኦክታቭ አንሱት።

የመጀመሪያው ሐረግ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ብሎ ሲ ላይ ያርፋል። ኢን በክፍት 1ኛ ክር መጀመር ያጓጓል፤ ነገር ግን ሲ ያለው 1ኛ/8 ላይ ስለሆነ ከ3ኛ ፍሬት ወደ 8ኛ መዝለል ይመጣል፣ ዝላዩም ይሰማል። እንዲህ ያዙት፦ ኢ 2ኛ/5 በጠቋሚ፣ ኤፍ ሻርፕ 2ኛ/7 በቀለበት ጣት፣ ጂ 2ኛ/8 በትንሿ ጣት፣ ሲ 1ኛ/8 በዚያችው በትንሿ ጣት። ትንሿ ጣት ከ2ኛው ክር ተነሥታ አትዘልም፤ ጋደል ብላ ወደ 1ኛው ትንከባለላለች።

የሚቀጥሉት ሁለት ሐረጎች እዚያው 5ኛ ፍሬት አካባቢ ይገኛሉ።

ዲ 3ኛ/7፣ ኢ 2ኛ/5፣ ኤፍ ሻርፕ 2ኛ/7፣ ከዚያ ቢ 1ኛ/7።
ሲ 3ኛ/5፣ ዲ 3ኛ/7፣ ኢ 2ኛ/5፣ ከዚያ ኤ 1ኛ/5።

አራተኛው ሐረግ ጂ ላይ፣ 1ኛ/3 ያርፋል። ወደዚያ የሚያደርሱትን ኖታዎች ከሊድ ሺታችሁ አንብባችሁ በ2ኛና በ3ኛ ክር ላይ ፈልጓቸው።

ይህን ያለ ምንም ኮርድ፣ ረጃጅሞቹን ኖታዎች ሙሉ ጊዜያቸውን እየሰጣችሁ ተጫወቱ። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው በዜማው ብቻ ካላወቀው ኮርድ አያድነውም። በዚሁ አጋጣሚ ሙሉውን 32 ባር (እያንዳንዱ ባር አራት ምት ነው) ሄዳችሁ ከፍተኛውን ኖታ ፈልጉ። ከ12ኛ ፍሬት በላይ ከወጣባችሁ ወይም ጊታራችሁ እዚያ ላይ ከቀጠነ ያንን ክፍል ብቻ በታችኛው ኦክታቭ ተጫወቱት። በሐረግ መሐል ግን ኦክታቭ አትቀይሩ፤ ሐረጉ ካለቀ በኋላ ነው።

3. ዜማው ውስጥ ያለውን ኮርድ ማየት

የዚህ ዘፈን ምሥጢር እዚህ ነው፤ እርሳሱን አንሡ። የመጀመሪያዎቹ 7 ባሮች ኮርዶች ኤ ማይነር ሰቨን፣ ዲ ሰቨን፣ ጂ ሜጀር ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን፣ ኤፍ ሻርፕ ሀፍ ዲሚኒሽድ፣ ቢ ሰቨን እና ኢ ማይነር ናቸው። ዜማው የሚያርፍባቸው ረጃጅም ኖታዎች ደግሞ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ ናቸው። በተርታ የሚወርድ ደረጃ ነው።

አሁን አዛምዷቸው። ከሥሩ ስትቆጥሩ ሲ የኤ ማይነር ሰቨን ሦስተኛ ድምፅ ነው። ያው ሲ ሳይነሣ ኮርዱ ወደ ዲ ሰቨን ሲቀየር ሰባተኛ ይሆናል። ቢ የጂ ሜጀር ሰቨን ሦስተኛ ነው፤ በሲ ሜጀር ሰቨን ላይ ሰባተኛ። ኤ የኤፍ ሻርፕ ሀፍ ዲሚኒሽድ ሦስተኛ፣ የቢ ሰቨን ሰባተኛ። ጂ የኢ ማይነር ሦስተኛ።

የአንድን ኮርድ ማንነት የሚናገሩት ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ናቸው፤ ሥሩን ቤዙ ይናገራል። ስለዚህ ዜማው ሦስተኛውን ከያዘ እናንተ ሰባተኛውን ብቻ ፈልጉ፤ ሰባተኛውን ከያዘ ሦስተኛውን ብቻ። ሥር፣ አንድ የመሐል ድምፅ፣ ዜማ፤ ሦስት ክር። ዜማው የያዘውን ድምፅ ከታች መድገም ክርንና ጣትን በከንቱ ማባከን ነው።

4. ባር በባር

ይህን ክፍል ጊታሩን ይዛችሁ አንብቡት።

ባር 1፣ ኤ ማይነር ሰቨን። 5ኛ/0፣ 4ኛ/5፣ 2ኛ/5፣ 1ኛ/8። ጠቋሚው 4ኛ፣ 3ኛና 2ኛ ክሮች ላይ 5ኛ ፍሬት ላይ ተጋድሞ ይተኛል። እንዲያውም ከመነሻ ኖታዎቹ ጀምሮ እንደተጋደመ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ኢ ራሱ ከእሱ ሥር ነው ያለው። 3ኛው ክር ላይ ያለውን ሲ ቀኝ እጃችሁ አይንካው፤ ዜማው ይዞታል። በ3ኛው ምት ላይ 6ኛ/0ን በአውራ ጣት ምቱ። ኤ እና ኢ ተቀባብለው ቤዙ መራመድ ይጀምራል።

ባር 2፣ ዲ ሰቨን። 4ኛ/0፣ 2ኛ/7፣ ከላይ 1ኛ/8 እንደነበረ። ወረቀቱ ላይ ሲ ከባር 1 ወደ ባር 2 በቅስት ታስሯል፤ ስለዚህ ደግማችሁ አትምቱት። ከሥሩ ዲን እና ኤፍ ሻርፕን ብቻ ምቱ፤ ሲ ከላይ እንደተንጠለጠለ ኮርዱ ከታቹ ይቀየራል። የብቻ ጊታር ውበት ያለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጠቋሚያችሁ ግን እንደ ባር 1 ተጋድሞ ከቆየ 4ኛውን ክር ተጭኖ ዲ የነበረውን ጂ ያደርገዋል። ጫፉን ከ4ኛው ክር ሳብ አድርጉትና 3ኛና 2ኛ ላይ ብቻ ይተኛ። ብዙ ሰው «ኮርዱን በትክክል ይዤ ለምን አይጥመኝም» የሚለው በዚህች ምክንያት ነው። ከ2ኛው ምት ጀምሮ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምት ይወስዳሉ፤ ከኢ ጋር 5ኛ/0ን ጨምሩ።

ባር 3፣ ጂ ሜጀር ሰቨን። 4ኛ/5፣ 3ኛ/7፣ 2ኛ/7፣ 1ኛ/7። የቀለበት ጣት የመጨረሻውን ኤፍ ሻርፕ 2ኛ/7 ላይ ይዛ ነበር፤ አሁን ሦስቱ ክሮች ላይ ጋደም ትላለች፣ ጠቋሚው በጫፉ 4ኛ/5ን ይይዛል። በ3ኛው ምት ቤዙን ለማንቀሳቀስ የጠቋሚው ጫፍ 5ኛ/5ንም እንዲነካ ትንሽ ገፋ አድርጉት፤ ዲ ታገኛላችሁ። ይህ ኮርድ ዝቅ ያለ ቤዝ የለውም። 6ኛ/3ን ለመድረስ እጃችሁን አትዘርጉ፤ ጣት ሲወጠር ዜማው ይሞታል። ለአንድ ባር ቤዝ ከፍ ቢል ጆሮ አይቀየምም።

ባር 4፣ ሲ ሜጀር ሰቨን። 1ኛ/7 ሳይነሣ ጠቋሚው 5ኛ ፍሬት ላይ ይጋደማል፤ የምትመቱት 4ኛ/5ን እና 2ኛ/5ን ብቻ ነው። እዚህ ሲ ቤዝ እንደሌለ አስተውሉ። ሥሩን የምትሰሙት በ2ኛው ምት ላይ ዜማው ራሱ 3ኛ/5 ላይ ሲ ሲል ነው። ከባዱን አማራጭ የሚወዱ አሉ፦ 6ኛ/8፣ 3ኛ/9፣ 2ኛ/8፣ 1ኛ/7። ድምፁ የሚያምር ኮርድ ነው፣ ግን በ2ኛው ምት ዜማው ወደ 5ኛ ፍሬት ሲመለስ ሁሉንም ትለቃላችሁ፣ ባሩም ይቆረጣል። ኮርድን ብቻውን አትመዝኑት፤ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ነው። በዚህ ባር ዲን በትንሿ ጣት፣ ኢን በቀለበት ጣት ያዙ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

ባር 5፣ ኤፍ ሻርፕ ሀፍ ዲሚኒሽድ። 4ኛ/4፣ 3ኛ/5፣ 2ኛ/5፣ 1ኛ/5። ጠቋሚውን 4ኛ ፍሬት ላይ ከ4ኛ እስከ 2ኛ ክር አጋድሙት፤ 3ኛውን ክር በመሐል ጣት፣ 2ኛውን በቀለበት፣ 1ኛውን በትንሿ ጣት። አራት ጣት እዚያ ጠባብ ቦታ ይጣበባል፣ ለምን በአንድ ጣት አጋድመን አንይዘውም ትሉ ይሆናል። መልሱ ባር 6 ነው።

ባር 6፣ ቢ ሰቨን። የመሐልና የቀለበት ጣትን አንሡ። በቃ። ከሥር ተጋድሞ የነበረው ጠቋሚ 4ኛ/4፣ 3ኛ/4፣ 2ኛ/4ን ያሰማል፤ ትንሿ ጣት ኤን እንደያዘች ነው። ሲ ወደ ቢ፣ ኢ ወደ ዲ ሻርፕ በግማሽ ግማሽ ድምፅ ወረዱ። የመሐል ጣትን ብቻ ይዛችሁ ቀለበቷን ብታነሡ ደግሞ ሲ ይቀርና ቢ ሰቨን ፍላት ናይን ይሆናል፤ ጨለም ያለ፣ ለዚህ ዘፈን የሚስማማ ቀለም ነው። ቢ ቤዝ ከፈለጋችሁ ኤ ካለቀ በኋላ፣ በ2ኛው ምት 5ኛ/2ን ምቱና በእሱ ላይ የቀረውን ዜማ ሂዱ።

ባር 7፣ ኢ ማይነር። 6ኛ/0፣ 4ኛ/2፣ 3ኛ/0፣ 2ኛ/0፣ 1ኛ/3። ጂን በቀለበት ጣት ያዙ፤ 4ኛ/2ን በመሐል ጣት። ዜማው ቆሟል፣ ስለዚህ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ያስፈልጋል። በየምቱ 4ኛ/2፣ 4ኛ/1፣ 4ኛ/0፣ 5ኛ/4፤ ማለትም ኢ፣ ዲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ሲ ሻርፕ። ይህን መውረጃ በሁለት ባር ዘርግተው የሚጫወቱ አሉ፤ ባር 8 ላይ ግን ከ2ኛው ምት ጀምሮ የሚቀጥለው ሐረግ መነሻ ስለሚገባ ሁለቱ ይጋጫሉ። በአንድ ባር ጨርሱት።

ባር 8። በ1ኛው ምት 6ኛ/0ን ብቻ ምቱ። ክፍት ስለሆነ ራሱን ችሎ ይጮኻል፤ በዚያች አንድ ምት እጃችሁ ከ1ኛ ፍሬት ወደ 5ኛ ይሻገራል።

5. ቀኝ እጅ

አውራ ጣት 6ኛን፣ 5ኛንና 4ኛን፤ ጠቋሚ 3ኛን፤ የመሐል ጣት 2ኛን፤ የቀለበት ጣት 1ኛን ይጠብቃል። ባር 1 ላይ ጠቋሚ ለጊዜው ወደ 4ኛ ክር ይሻገራል። ዜማው ከቀሩት ድምፆች ጎልቶ መሰማት አለበት። እዚህ የሚረዳው ልምምድ አሰልቺ ነው ግን ይሠራል፦ የጂ ሜጀር ሰቨኑን ኮርድ ያዙና አራቱን ክር በአንድ ላይ ምቱ፤ መጀመሪያ ሁሉም እኩል፣ ቀጥሎ 1ኛው ክር ብቻ ጎልቶ፣ ቀጥሎ ቤዙ ብቻ ጎልቶ። የቀለበት ጣትን ኃይል ብቻ በመጨመር አይሆንም፤ የሌሎቹን ኃይል መቀነስ ይቀላል።

ኮርድን ከቤዝ ወደ ላይ እየበተኑ መምታት ያምራል፣ ብዙዎችም በዚያ ሱስ ይያዛሉ። ስትበትኑ የመጨረሻዋ ድምፅ፣ ማለትም ዜማዋ፣ ምቱ ላይ ትረፍ፤ ቤዙ ትንሽ ይቅደም። ቤዙን ምቱ ላይ ካደረጋችሁት ዜማው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳልና ዘፈኑ ያነክሳል። ሁሉንም ኮርድም አትበትኑ፤ በ8 ባር ውስጥ ሁለቴ ይበቃል።

6. ለሁለተኛው 8 ባር፦ ቤዙን በአንድ ክር ማውረድ

ዘፈኑ 32 ባር ነው፣ ስምንት ስምንት እያለ አራት ክፍል። ሁለተኛው ክፍል ኮርዶቹ እንደ መጀመሪያው ናቸው፤ ሁለቴ በአንድ ዓይነት መጫወት ግን ሰሚን ያስተኛል። ዜማውን አትንኩት፤ ቤዙን ቀይሩ። እስካሁን በክፍት ክሮች የዘለለውን ቤዝ አሁን ሙሉ በሙሉ 4ኛው ክር ላይ በደረጃ አውርዱት።

ኤ ማይነር፦ 4ኛ/7፣ 3ኛ/5፣ 2ኛ/5፣ 1ኛ/8።
ኤ ፍላት ሰቨን በዲ ሰቨን ምትክ፦ 4ኛ/6፣ 3ኛ/5፣ 2ኛ/7፣ 1ኛ/8።
ጂ ሜጀር ሰቨን፦ 4ኛ/5፣ 3ኛ/7፣ 2ኛ/7፣ 1ኛ/7።
ሲ ሜጀር ሰቨን፦ 4ኛ/5፣ 2ኛ/5፣ 1ኛ/7።
ኤፍ ሻርፕ ሀፍ ዲሚኒሽድ፦ 4ኛ/4፣ 3ኛ/5፣ 2ኛ/5፣ 1ኛ/5።
ኤፍ ሰቨን በቢ ሰቨን ምትክ፦ 4ኛ/3፣ 3ኛ/2፣ 2ኛ/4፣ 1ኛ/5።
ኢ ማይነር፦ 4ኛ/2፣ 3ኛ/0፣ 2ኛ/0፣ 1ኛ/3።

ቤዙን ብቻ ለይታችሁ ተጫወቱት፦ 7፣ 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። ከላይ ዜማው ሲወርድ ከታች ቤዙም ይወርዳል። ዲ ሰቨን በኤ ፍላት ሰቨን የሚተካው ሦስተኛና ሰባተኛቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ ኤፍ ሻርፕ እና ሲ በሁለቱም ውስጥ አሉ፣ ቦታቸውን ብቻ ይለዋወጣሉ። ቢ ሰቨን እና ኤፍ ሰቨንም እንዲሁ። የኤ ፍላት ሰቨኑ አያያዝ ሳይለወጥ ሦስት ፍሬት ወደ ኋላ ሲሳብ ኤፍ ሰቨን ይሆናልና አዲስ የሚጠና ቅርጽ እንኳ የለም።

ኤፍ ሰቨኑ ከባር 6 የዜማ ኖታዎች ጋር ሲላተም ሻካራ ከሆነባችሁ ለ1ኛው ምት ብቻ ያዙትና በ2ኛው ምት ቢን 5ኛ/2 ላይ ምቱ። ሁለቱን ምትክ በመጀመሪያው 8 ባር ውስጥ አታስገቡ፤ ሰሚው ቤቱን ሳያውቅ ዕቃውን አታዟዙሩበት።

7. ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል

ሦስተኛው ክፍል አዲስ ትምህርት የለውም። ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ከኤፍ ሻርፕ ሀፍ ዲሚኒሽድ፣ ቢ ሰቨን፣ ኢ ማይነር ተነሥቶ ከዚያ ወደ ኤ ማይነር ሰቨን፣ ዲ ሰቨን፣ ጂ ሜጀር ሰቨን ይሄዳል። እዚህ ላይ ሆን ብላችሁ ቀጭን ሁኑ፤ ዜማና ቤዝ ብቻ፣ መሐሉ ባዶ። ካለፈው ሙላት በኋላ ይህ ባዶነት እንደ እረፍት ይሰማል።

አራተኛው ክፍል ውስጥ ግን ጃዝ ተጫዋቾች የሚወዷት መውረጃ አለች፤ ለእያንዳንዱ ኮርድ ሁለት ሁለት ምት፦ ኢ ማይነር ሰቨን፣ ኢ ፍላት ሰቨን፣ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ዲ ፍላት ሰቨን፣ ከዚያ ሲ ሜጀር ሰቨን። ሦስት ሦስት ድምፅ ይበቃታል።

ኢ ማይነር ሰቨን፦ 5ኛ/7፣ 4ኛ/5፣ 3ኛ/7።
ኢ ፍላት ሰቨን፦ 5ኛ/6፣ 4ኛ/5፣ 3ኛ/6።
ዲ ማይነር ሰቨን፦ 5ኛ/5፣ 4ኛ/3፣ 3ኛ/5።
ዲ ፍላት ሰቨን፦ 5ኛ/4፣ 4ኛ/3፣ 3ኛ/4።
ሲ ሜጀር ሰቨን፦ 5ኛ/3፣ 4ኛ/2፣ 3ኛ/4።

4ኛው ክር ላይ ያለችው ጣት ለሁለት ሁለት ኮርድ ሳትነሣ ትቆያለች። ዜማው በ1ኛና በ2ኛ ክር ላይ ይቀራል። ዜማው ሩቅ ወጥቶ ጣት ካጠራችሁ የምትጥሉት ቅደም ተከተል አለው፤ በመጀመሪያ 3ኛው ክር፣ ቀጥሎ 4ኛው። ቤዝና ዜማ አይጣሉም።

ሲበላሽ፣ ከየት ነው?

ዜማው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነ ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኮርድ ስትቀይሩ ሁሉንም ጣት በአንድ ላይ ማንሣታችሁ ነው። በየባሩ «የትኛዋ ጣት ትቆያለች?» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ አክብቧት። በባር 1 እና 2፣ በባር 5 እና 6 መካከል ትንሿ ጣት ናት፤ በባር 3 እና 4 የቀለበት ጣት።

ቤዙ ከጎመዘዘ ወይም ከኮርዱ ጋር ከተጋጨ ያለፈው ባር ክፍት ክር ገና እየጮኸ ነው። ባር 3 ላይ ስትደርሱ የዲ ሰቨኑ 5ኛ/0 ገና ከሆነ የአውራ ጣታችሁን ጎን ክሩ ላይ አሳርፉና ዝም አሰኙት። ክፍት ክር የሚያስፈልገውን ጊዜ ይሰጣል፣ ግን ራሱ አይቆምም።

ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ ሙዚቃው ከከበደ ድምፅ በዝቷል። አንድ ዙር ሙሉ መሐሉን አውጥታችሁ በቤዝና በዜማ ብቻ ተጫወቱና ቅዱት። ከዚያ ሙሉውን ቅዱት። ሁለቱን አዳምጣችሁ የጎደለው የተሰማችሁ ቦታ ላይ ብቻ የመሐሉን ድምፅ መልሱ። የጃዝ ጊታሪስቱ ጆ ፓስ እ.ኤ.አ. በ1973 የቀዳቸውን የብቻ ጊታር ሥራዎች ብታዳምጡ ሙሉ ኮርድ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ብዙው ቦታ አንድ የዜማ መስመርና አልፎ አልፎ የሚነካ ቤዝ ነው። ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ልምምዱን ሁለት ሁለት ባር እየቆረጣችሁ ያዙ፤ ባር 1 እና 2 ብቻ፣ ከዚያ ባር 2 እና 3። መጋጠሚያው ነው የሚያስቸግረው እንጂ ኮርዱ አይደለም። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉ፤ ያለ ስሕተት አምስት ጊዜ ከሄደ 4 ጨምሩ። 80 ላይ ስትደርሱ ግማሹን፣ 40 ላይ አስተካክሉትና ሜትሮኖሙ የሚመታው 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ እንደሆነ አድርጋችሁ ቁጠሩ። የጃዝ ምት እዚያ ላይ ነው የሚወዛወዘው። መጀመሪያ ላይ ትጠፋላችሁ፤ ዜማውን በአፍ እያዜማችሁ እግራችሁን 1ኛና 3ኛው ላይ ምቱ።

መጨረሻው ላይ ዜማው ኢ ላይ ሲያርፍ ተራ ኢ ማይነር አትምቱ። 6ኛ/0፣ 5ኛ/2፣ 4ኛ/2፣ 3ኛ/0፣ 2ኛ/2፣ 1ኛ/0 ኢ ማይነር ሲክስ ነው። ከቤዙ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ በትኑት፤ ይህኛውን አንድ ጊዜ እንደልባችሁ ማዘግየት ይፈቀዳል። ክሮቹ ራሳቸው እስኪጠፉ ጣቶቻችሁን አታንሡ።